የመተማ ሕፃናት ሞት በምን ይለካል?

የሕፃናት ሞት መጠን ማለት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ቁጥር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ መጠኑ ለኢትዮጵያ 48፣ ለአማራ ክልል 67 ነበር። ሁለቱን ማወዳደር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሀገሪቱ አኀዝ ከጥናቱ በፊት የነበሩትን 5 ዓመታት፣ የክልሉ ደግሞ 10 ዓመታት ያካትታልና።

በሱዳን ጠረፍ ለሚገኙት ለመተማ፣ ለቋራና ለምዕራብ አርማጭሆ የሚሆን አኀዝ ከዚህ አይገኝም። ናሙናው ከክልል በታች ለመተንተን አልተዘጋጀም። ቆላው ከደጋው ጋር በአንድ አማካይ ሲጠቃለል፣ ከክረምት በኋላ የሚያይለው ወባና በዋልካ መሬት ስንጥቅ በምትራባ የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር አብረው ይሰወራሉ። ለሰሊጥ ሥራ ወርዳ በእርሻ ዳስ የሰነበተች እናት ልጇ ቢሞትባት፣ ሞቱ የሚቆጠረው፣ ከተቆጠረም፣ በመኖሪያ ቀዬዋ ነው። እናቱም የሞተችበት ሕፃን ከነጭራሹ አይቆጠርም፤ መልስ የምትሰጠው እናት ናትና።

ለወረዳ የሚበጀው የልደትና የሞት ምዝገባ ነው። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ስም ሳይወጣለት የሞተን ጨቅላ ለማስመዝገብ ወደ ቀበሌ መሄድን የሚያስብ ሐዘንተኛ ማን ነው? መዝገቡ ካልተሟላ፣ ከ7 ዓመት በኋላ በመተማ ለአንደኛ ክፍል ስንት መቀመጫ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላ የትምህርት ባለሙያ የክልሉን አማካይ ከመበደር በቀር ምርጫ የለውም።