የዘመድ ልጅ፤ ልጅ ነው ወይስ አሽከር?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባቢያን ዐምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአገራችን ችግር ያገኘው ወላጅ ልጁን ለወንድሙ ወይም ለእህቱ መስጠቱ የቆየ ልማድ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ልጁ ማር የተቀባውን የአሳዳጊውን አውራ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ ይሆን ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ያለው ጉዲፈቻም ስሙ ሳይቀር የሕጋችን መጠሪያ ሆኗል። በመጽሐፍም መርዶክዮስ ወላጆችዋ የሞቱባትን የአጎቱን ልጅ አስቴርን እንደ ልጁ አድርጎ አሳድጓታል። እንግዲህ ልማዱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ነገር ግን ዛሬ በከተማ የምናየው ምንድን ነው? በማስተምርበት ክፍል ራሱን ደፍቶ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሳገኝ፣ «ከማን ጋር ትኖራለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ «ከአክስቴ ጋር» ይለኛል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ውሃ ይቀዳል፣ ሕፃን ያዝላል፣ ሱቅ ይላላካል፤ የቤቱ ልጆች ሲያጠኑ እርሱ ሳህን ያጥባል። እንግዳ ሲመጣ ግን «የእህቴ ልጅ ነው፤ እያስተማርሁት ነው» ይባልለታል። ደመወዝ የማይከፈለው አሽከር ማለት ይህ አይደለምን? እኔ በአዳሪነት በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወላጅ ያለውም የሌለውም ከአንድ ገበታ ይበላ ስለ ነበር፣ ይህን ሳይ ልቤ ያዝናል።

አሁን ነገሩ በራሴ ቤት ገብቷል። ባልዋ የሞተባት ታላቅ እህቴ በማይድን ሕመም አልጋ ላይ ስለ ዋለች፣ የስምንት ዓመት ሴት ልጅዋን እኔና ባለቤቴ ልናሳድጋት ተስማማን። ሽማግሌዎች «በሥጋ ዘመድ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» አሉን። እህቴም «አሳድግልኝ፤ እናትነቴን ግን አትውሰድብኝ» ብላ አለቀሰች። ስለዚህ ሕጉን ገልጬ ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁም ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ባልና ሚስት አብረው ይዋዋላሉ፤ ከሁለቱ አንዱ 25 ዓመት ከሞላው ይበቃል። በሕይወት ያሉ ወላጆች ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። ፍርድ ቤቱም የልጁን አሳብ ሰምቶ፣ ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን መርምሮ ካላጸደቀው በቀር ውሉ አይጸናም። ከጸደቀ በኋላ ልጁ እንደ ተወላጅ ልጅ ተቆጥሮ ይወርሳል። በቃል ብቻ የተወሰደ ልጅ ግን አሳዳጊው የሞተ ዕለት ወራሾች ከቤት ቢያስወጡት ምን ይዞ ይከራከራል?

ለእህቴ እንባ መልስ የሆነው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ይኸውም ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። ይህን ባነበብሁላት ጊዜ «እንግዲያስ ልጄ ሁለት እናት አገኘች» አለች።

ደግሞም ሕጉ ጉዲፈቻ አይፈርስም ካለ በኋላ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ከያዘው ፍርድ ቤት ሊሽረው እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ የወላጅ ችግር የሚያልፍ የመሰለው ዘመድ ወደ ጉዲፈቻ አይቸኩል፤ ለጊዜው አሳዳሪ መሆን ሊበቃ ይችላል።

በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለ ተከለከለ፣ ኃላፊነቱ ይልቁን በእኛ ላይ ወድቋል። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፤ ሠራተኛ የሚያሻው ሰው ደመወዝ ከፍሎ ይቅጠር። ልጅ ለማሳደግ አቅም የሌለው ከደመወዙ ጥቂት ቆርጦ ለደብተር መግዣ ወደ አገር ቤት ይላክ እንጂ ልጁን ከእናቱ አይለይ። የወሰደ ግን ከልጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ያስቀምጠው፤ በአንድ መብራትም ያስጠናው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ