ሁዳዴና ፋሲካ፦ የሚባለውና የሆነው

«የእኛና የፈረንጅ ፋሲካ ገጥሞ አያውቅም» ሲባል በብዙ ቤት ይሰማል። መቅደላ ግን ሌላ ትመሰክራለች።

በ1860 ዓ.ም. ስቅለት ሚያዝያ 3 ቀን ዋለ፤ በእንግሊዞቹም ቀመር ያ ዓርብ ስቅለት ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊትና የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ግርጌ አሮጌ ላይ የገጠሙት፣ ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቀው ያን ዕለት ነው። እሑድ ፋሲካ ሆነ። ንጉሡ በዓሉን አስታውሰው ለእንግሊዞቹ መፈሰኪያ ከብትና በግ ላኩ፤ ናፒየር አልተቀበለም። ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡት በማግስቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ማዕዶት በምትለው ሰኞ ነው። የንጉሡ ሴባስቶፖል መድፍም የበሽሎን ገደል ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በዚያው ሁዳዴ ነበር።

በዓሉን የሚያራርቀው የሰባትና የስምንት ዓመቱ የዘመን ልዩነት ይመስላል፤ አይደለም። ሁለቱም ወገን ፋሲካን የሚያወጣው ከጨረቃ ጋር አስልቶ ነው። ኢትዮጵያ በባሕረ ሐሳብ የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠበቀች፤ ምዕራባውያን ከ1582 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሌታቸውን አሻሻሉ። በ2016 ዓ.ም. አምስት ሳምንት ተራራቁ፤ በ2017 ሁለቱም ሚያዝያ 12 ቀን አከበሩ። በ2020 ሚያዝያ 8 ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ።

ሁዳዴ የሚገባውም በአንድ የተቆረጠ ቀን አይደለም። ሰኞን ሳይለቅ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል።

«ጾሙ 40 ቀን ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ጌታ የጾመው 40 ነው፤ ምእመኑ የሚጾመው ግን 55። የመጀመሪያው ሳምንት፣ ጾመ ሕርቃል፣ የፋርስን ጦር ድል አድርጎ መስቀሉን ባስመለሰው በንጉሥ ሕርቃል ስም ይጠራል፤ መጨረሻው ሰሙነ ሕማማት ነው።

ሥጋ፣ ቅቤና ወተት መተው ብቻውን ጾም ይመስላቸዋል ብዙዎች። ሱፍ ፍትፍት በጠዋት የሚበላ ሰው ከምግቡ ዓይነት ቆጠበ እንጂ ሰዓቱን አልጠበቀም፤ በተለምዶ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይቆያል፣ ቅዳሴውም ወደ ከሰዓት ይዞራል። ቅዳሜና እሑድ የሰዓቱ ግዴታ ይነሣል፣ የፍስክ ምግብ ግን አይፈቀድም፤ ከቅዳሜዎቹ ቀዳም ሥዑር ብቻ ይጾማል።

ከሁሉ የሚጎዳው አሳሳች እምነት ሕመምተኛም መጾም አለበት የሚለው ነው። ጾምን የሚደነግገው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ራሱ ለታመመ ሰው መውጫ አበጅቷል። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ለጾም ብላ መድኃኒቷን ከማቋረጧ በፊት ሐኪሟንና የንስሐ አባቷን ልታማክር ይገባል።