ክንድ ስንት ኒውተን ይችላል?

በየመኗ ኤደን ከተማ በሼክ ዑስማን ወረዳ፣ አል-ሚምዳራ ሰፈር በሚኒባስ የምትሄድ እናትም ሆነች የአዲስ አበባዋ፣ ልጇን ታቅፋ «አጥብቄ ይዤዋለሁ» ብትል አይገርምም። እስቲ እናስላው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 13.9 ሜትር) የምትሄድ መኪና ተጋጭታ ተሳፋሪው በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅን ለመያዝ 1,930 ኒውተን ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ጭነት በቅጽበት እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው! እናትየዋ ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ የራሷ ክብደት ልጁን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ያጣብቀዋል።

የጨቅላ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ አንገቱም ገና አልጠናም። ስለዚህ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃናት መቀመጫ ግፊቱን በመላ ጀርባው ላይ ያከፋፍልለታል። ይህንኑ መቀመጫ ኤርባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ማሰር ግን ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። ትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማጠፍ ከተቻለ ላልቷል። ጋቢውም ከማሰሪያው በላይ እንጂ ከሥሩ አይደረግም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ሕጉ ልጆች 8 ዓመት እስኪሞላቸው የልጆች መቀመጫ ያስገድዳል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ግዴታ አድርጋ፣ ለጣሰ አሽከርካሪ 400 ድርሃም ቅጣት ወስናለች። ሚኒባስ ላይ ግን ችግሩ ከመቀመጫው ይቀድማል፤ ማሰሪያ ቀበቶ በሌለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ውድ መቀመጫ ራሱ ተወርዋሪ ዕቃ ነው።