የልጆች ጭንቀት፦ ተረትና እውነታ

«ልጅ ምን ጭንቀት አለበት?» የሚለው የተለመደ አባባል ጭንቀትን ከኑሮ ሸክም ጋር ብቻ የሚያያይዝ ነው። ይሁንና ጭንቀት ሊደርስ ይችላል ተብሎ ለሚታሰብ አደጋ አካልና አእምሮ የሚያደርጉት ዝግጅት በመሆኑ፣ የቤት ኪራይ የማያሳስበው ሕፃንም ይጨነቃል፤ ከ8 ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ እናቱ ዞር ስትል ማልቀሱም የጤናማ ዕድገት አካል ነው። ሕመም የሚባለው ፍርሃቱ ከዕድሜው ጋር ሳይመጣጠን ለሳምንታት ሲዘልቅና እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና ጨዋታውን ሲያውክበት ነው።

ዩኒፎርሙን ለብሶ «ሆዴን አመመኝ» የሚለውን ልጅ ሰበበኛ አድርጎ መቁጠርም ስሕተት ነው። የአደጋ ስሜት ሲቀሰቀስ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ስለሚለቀቅ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የምግብ መፈጨት ሥርዓቱም ይታወካል፤ ቁርጠቱ እንግዲህ የእውነት ነው። ሐኪም መርምሮ ሌላ በሽታ ካላገኘና ሕመሙ ሰኞ ጠዋት እየተነሣ ቅዳሜ የሚጠፋ ከሆነ ጭንቀትን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን ከርኅራኄ የሚመነጨው እምነት ነው፤ ይኸውም ልጅን ከሚፈራው ነገር ማራቅ ፍርሃቱን ያስረሳዋል የሚለው ነው። ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ወዲያው እፎይ ቢልም፣ እፎይታው «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» የሚል እምነት ስለሚያሳድርበት፣ በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር ከትናንቱ የባሰ ያስፈራዋል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንቸል ይፈራ የነበረን ፒተር የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እያስጠጉለት፣ በመጨረሻ ያለ ፍርሃት እስኪዳስሳት አድርሰውታል። በዚሁ መንገድ ትምህርት ቤት የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ቀጥሎ እስከ ክፍሉ ደጃፍ እንዲሄድ፣ ከዚያም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ እየተደረገ፣ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ እያንዳንዱ እርምጃ ይደጋገማል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያሉ መገፍተር ወይም በጅብ ማስፈራራት ከዚህ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ለአንዳንዶች እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና ሊረዳው ስለሚችል መጠበቁ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከ7 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው 488 አሜሪካውያን ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነ ጥናት፣ አስተሳሰብንና ባሕርይን በማረም ላይ የተመሠረተ የንግግር ሕክምና ካገኙት በ12 ሳምንት ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ በእጅጉ ሲሻላቸው፣ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከዋጡት የተሻላቸው 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።