ወገብን ሳይቆልፉ ነርቭን ማላቀቅ

ከእንጦጦ ቁልቁል መውረድ ሽቅብ ከመውጣት የሚብስባቸው ሰዎች አሉ። ልባቸውም ሳንባቸውም ደህና ነው። ጥቂት እንደሄዱ ግን መቀመጫቸውንና ጭናቸውን ያማቸዋል፣ ባታቸው ይዝላል፣ እግራቸው ይደነዝዛል። ቁጭ ሲሉ ወይም ምርኩዛቸው ላይ ጎንበስ ሲሉ ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃቸዋል። ዳገት ስንወጣ ወደ ፊት እናዘነብላለን፤ ቁልቁለት ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ቀና እንላለን። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስቸግረው ቀና ማለቱ ነው።

ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች በአከርካሪው ቦይ ውስጥ የሚወርዱት ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚሄዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ በአከርካሪዎቹ መካከል ያለው ዲስክ ከፊት ወደ ቦዩ ይወጣል፣ ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይደነድናሉ፣ አከርካሪዎቹን የሚያያይዘው ቢጫ ጅማትም ይወፍራል። ሦስቱ ተባብረው ቦዩን ያጠቡታል፤ በተለይ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል። ቀና ስንል ጅማቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ቦዩን ይበልጥ ያጠብበዋል፤ ስናጎነብስ ደግሞ ይወጠርና ቦታ ይለቃል። ሕመሙን ከቦዩ ጥበት ጋር አገናኝቶ እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፈው ጥናት በሰፊው ያሳወቀው የዩትሬክቱ ሐኪም ሄንክ ፌርቢስት ነው።

ፊዚዮቴራፒና መድኃኒት አልበቃ ሲል ቀዶ ሕክምና ይመጣል። መሠረታዊው ሥራ የሚጫነውን አጥንትና ጅማት አንስቶ ነርቩን ማላቀቅ ነው። ብዙ ሐኪሞች በዚህ አያቆሙም። በተለይ አንዱ አከርካሪ በሌላው ላይ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ሁለቱን በብሎንና በዘንግ አስረው፣ በመካከላቸው አጥንት አብቅለው አንድ እንዲሆኑ ያደርጋሉ። መንሸራተቱ ይቆማል፤ የዚያ ቦታ እንቅስቃሴም አብሮ ይቀራል። ከላይና ከታች ያሉት አከርካሪዎች የቀረውን እንቅስቃሴ ስለሚሸከሙ ከዓመታት በኋላ በተራቸው ሊጎዱ ይችላሉ።

«እንቅስቃሴን የሚጠብቅ ቀዶ ሕክምና» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ብረት ያስባል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው ምንም ብረት የማይገባበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የስዊድን ጥናት 247 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሶቹን ነርቭ በማላቀቅ ብቻ፣ ገሚሶቹን በማሰር ጭምር አክሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ የታሰሩት የተሻለ ውጤት አልታየባቸውም። በዚያው ዓመት የወጣ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት ለማሰር መጠነኛ ብልጫ ሰጥቶ ስለነበር ክርክሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኖርዌያውያን አከርካሪያቸው የተንሸራተተ 267 ሕሙማንን ይዘው መጡ፤ እዚያም ማላቀቅ ብቻውን ከማሰር የማያንስ ሆኖ ተገኘ።

መሣሪያዎቹ ከዚህ በኋላ ቢነሱ ይሻላል። ማጎንበስ የሚያሳርፍ ከሆነ ከኋላ በሚጎረብጡት ሁለት አጥንቶች መካከል ሽብልቅ አስገብቶ ቦታውን ጎንበስ እንዳለ ማቆየትስ? ኤክስ-ስቶፕ የተባለው ሽብልቅ በዚህ ሐሳብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በኋላ ግን ከገበያ ወጣ። ሐሳቡ ብልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በኔዘርላንድስ በተደረገ ጥናት ግን የዚህ ዓይነት መሣሪያ ከገባላቸው 29 በመቶዎቹ ዳግም ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 8 በመቶዎቹን ብቻ ነው ያስፈለጋቸው።

ሰው ሠራሽ ዲስክስ? ታሪኩ ደስ ይላል። ማሞ ወልዴና ምሩፅ ይፍጠር ነሐስ ባገኙበት እ.ኤ.አ. በ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ሁለት ወርቅ የወሰደችው የምሥራቅ ጀርመኗ ጂምናስቲክ ተወዳዳሪ ካሪን ያንዝ፣ ኋላ የአጥንት ሐኪም ሆና በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ከኩርት ሼልናክ ጋር ይህን ዲስክ ፈለሰፈች። ይሁንና ዲስኩ የሚተካው የፊቱን ክፍል ነው፤ ከኋላ በደነደነ መገጣጠሚያና በወፈረ ጅማት ለጠበበ ቦይ አይሆንም።

የኋላውን ክፍል የሚተካው ቶፕስ የተባለው መሣሪያ ነው። የእስራኤል ሥራ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ተፈቅዷል። ሐኪሙ የሚጫነውን አጥንትና መገጣጠሚያ አንስቶ ነርቩን ካላቀቀ በኋላ፣ በብሎን በሚያያዙ ሁለት የቲታኒየም ሳህኖች መካከል የሚለመጥ ፕላስቲክ ያለውን ይህን መሣሪያ ይተክላል። ወገብ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን መታጠፍ፣ መጠነኛ መዞርም ይችላል፤ ከልክ በላይ ሲሆን መሣሪያው ይገታዋል። ለሁሉም ግን አይደለም። የሚገባው አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መንሸራተቱ መለስተኛ ሲሆን ነው፤ የሳሳ አጥንት ብሎኑን አጥብቆ አይዝም።

ስለዚህ ማሰር፣ ማላቀቅ ብቻ ወይም መሣሪያ መትከል የሚለው ምርጫ የሚጀምረው አከርካሪው ምን ያህል እንደሚንሸራተት ከማወቅ ነው። ኤም አር አይ የነርቩን መጨናነቅ አጥርቶ ያሳያል፤ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ ተኝቶ ነው፣ ያን ጊዜ የተንሸራተተው አከርካሪ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። ቆሞ፣ አንዴ ጎንበስ አንዴ ቀና ብሎ የሚነሳው ተራ ራጅ ይህን ያጋልጣል፤ ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ይህን ዓይነት ራጅ ተነስቶ እንደሆነ ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።