የተጻፈ ስም፣ ያልተጻፈ ስም፦ ጉብኝት በናይሮቢ ቤተ መዘክሮች

ናይሮቢ የጎረቤታችን ዋና ከተማ ናት። ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለንግድ ወደዚያ የሚጓዝ ወገን ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ተጓዡ ሲመለስ ስለ ገበያዋ፣ ስለ አየሯና ስለ ፎቆቿ አጫውቶን ያበቃል እንጂ ስለ ቤተ መዘክሮቿ ሲያወሳ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን፣ ዕድሉ የገጠመው የሠራዊት አባልና ቤተሰቡ ሊጎበኟቸው የሚገቡትን የናይሮቢ የቅርስ ሥፍራዎች ለማስተዋወቅ ወደናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ቤተ መዘክር የሚገባ ሰው አንድ ጥያቄ ይዞ ቢገባ ጉብኝቱ ይሰምርለታል እንላለን። ይኸውም «ይህን ዕቃ የሠራው፣ ያገኘው ወይም የሞተለት ሰው ስሙ ተጽፏልን?» የሚለው ነው። ናይሮቢ ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ይለያያል።

በኮረብታው ላይ

ጉብኝቱን ከመሐል ከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ በኮረብታ ላይ ከሚገኘው ከብሔራዊው ቤተ መዘክር መጀመር ይገባል። ሥራውን የጀመረው በ1910 በአንድ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አማካይነት ነው። አሁን ባለበት ኮረብታ ላይ በ1930 ሲከፈት የቅኝ አገዛዙ ገዢ በነበረው በኮሪንደን ስም ይጠራ ነበር። ኬንያ ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ የገዢው ስም ተነሥቶ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተባለ። ሰፊ እድሳት ተደርጎለትም በ2008 እንደገና ለሕዝብ ተከፈተ።

በዚህ ቤት ከሚገኙት ቅርሶች ሁሉ የላቀው «የቱርካና ልጅ» በመባል የሚታወቀው የጥንት ልጅ አጽም ነው። ዕድሜው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። የተገኘውም ከእኛው ኦሞ ወንዝ ውኃውን ከሚቀበለው ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በ1984 ነው። ያገኘው ሰው ካሞያ ኪሜዩ ይባላል። ኪሜዩ በ1960 በጉልበት ሠራተኝነት ተቀጥሮ ቁፋሮ የጀመረ ኬንያዊ ነበር። ዓይኑን በሥራ ላይ እያሠለጠነ፣ ሌላው ሰው ጠጠር ነው ብሎ የሚያልፈውን አጥንት ለይቶ የሚያነሣ ታላቅ ባለሙያ ሆነ። ለእኛም ባለውለታ ነው። በ1967 ወደ ኦሞ ሸለቆ ከመጣው የጥናት ቡድን ጋር ሆኖ በኪቢሽ አካባቢ የዛሬውን ሰው ዓይነት ጥንታዊ አጽም ያገኘው እርሱ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት የዚህን አጽም ዕድሜ ቢያንስ 230,000 ዓመት አድርሶታል። ኪሜዩ በዚያው በ2022 አረፈ። የጉልበት ሠራተኛው ስም ከሊቃውንቱ ስም ጎን ተጽፎ መኖሩ ሊያስደስተን ይገባል።

ልጆች ይዞ የሄደ ቤተሰብ «አሕመድ» የተባለውን ዝሆን ግዙፍ ምስል ሳያሳያቸው አይመለስ። አሕመድ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በማርሳቢት ተራራ ይኖር የነበረ፣ እጅግ ረዣዥም ጥርስ ያለው ዝሆን ነው። አዳኞች እንዳይገድሉት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 ልዩ የጥበቃ ትእዛዝ አወጡለት፤ እስከ ሞተበት እስከ 1974 ድረስም ዘብ ቆሞለት ኖረ።

እናቶችና እኅቶች ደግሞ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ከተሰበሰቡት ቅሎች ዘንድ ቆም ማለታቸው አይቀርም። የወተት መያዣው፣ የውኃ መቅጃው፣ የመጠጥ ማቅረቢያው ሁሉ በየአገሩ ወግ ተጊጦ ይታያል። ቅል ያጠነች፣ እርጎ የናጠች፣ አገልግል የሰፋች ሴት የእጅ ሥራውን ከማንም በላይ ትረዳዋለች። ከእነዚህ ዕቃዎች ጎን የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የብሔረሰቡ ስም እንጂ የሠራችው እናት ስም አይደለም። ዝሆኑ ስም ሲኖረው ባለሙያዋ ስም አጥታለች።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋን የወለዳት ምድር ባቡር እንደ ሆነ ሁሉ ናይሮቢንም የወለዳት ምድር ባቡር ነው። በ1896 ከሞምባሳ ወደብ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ በ1899 ረግረግ ከነበረው ከዚህ ሥፍራ ደረሰ። በዚያም የሠራተኛ ሠፈርና የዕቃ ማከማቻ ተተከለ፤ ሠፈሩም አድጎ ከተማ ሆነ። በ1971 የተከፈተው የምድር ባቡር ቤተ መዘክር የዚህ ታሪክ ማስታወሻ ነው። በግቢው የቆሙትን የእንፋሎት ባቡሮች ልጅም አዋቂም ሳይጠግብ ያያቸዋል።

የጎብኚው ዓይን ይበልጥ የሚያርፈው ግን በአንድ አሮጌ የእንጨት ፉርጎ ላይ ነው። በ1900 ኪማ በተባለ ጣቢያ ሰው በላ አንበሳ ሠራተኛውን ስላስጨነቀ፣ ቻርልስ ራያል የተባለ የፖሊስ መኮንን ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በዚህ ፉርጎ ውስጥ አደፈጠ። የመጀመሪያውን የጥበቃ ተራ የያዘው ራያል እንቅልፍ እንዳሸነፈው ይተረካል። አንበሳውም ወደ ፉርጎው ገብቶ አድፋጩን ራሱን ይዞት ሄደ። ለተረኛ ዘብ የዚህን ታሪክ ትርጉም ማብራራት አያስፈልገንም።

የራያል ስም ከፉርጎው ጋር ሲኖር፣ ሐዲዱን ያነጠፉት ሰዎች ስም ወዴት አለ? ለዚህ ሥራ ከ31,000 በላይ ሠራተኞች ከሕንድ ተጭነው መጥተዋል። ከእነርሱም ከ2,400 በላይ በበሽታ፣ በአደጋና በአውሬ አልቀዋል። በ1898 በጻቮ ብዙ ሠራተኞችን የበሉት ሁለት አንበሶች ቆዳቸው ተሞልቶ ዛሬም በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ቤተ መዘክር ይታያሉ። የገደላቸውም መኮንን ስሙ በዓለም ታውቋል። የተበሉት ሰዎች ግን ቁጥራቸው እንኳ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ባልና ሚስት ያቆዩት ሀብት

በመሐል ከተማው፣ በሞይ ጎዳና ላይ፣ ቀድሞ ባንክ በነበረ ሕንፃ ውስጥ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በዚያ የሚታየው የጆሴፍ ሙሩምቢ ስብስብ ነው። ሙሩምቢ በ1911 ከሕንዳዊ ነጋዴና ከማሳይ እናት ተወልዶ በሕንድ አገር የተማረ፣ በነጻነት ትግሉ የተሳተፈ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቀጥሎም በ1966 ለጥቂት ወራት የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ከባለቤቱ ከሺላ ጋር ጭምብሉን፣ ጨርቃ ጨርቁን፣ ጌጣጌጡን፣ ቴምብሩንና በሺህ የሚቆጠሩ ብርቅ መጻሕፍትን መሰብሰቡን ቀጠለ። የአፍሪካ ቅርስ እየተጫነ ወደ ባሕር ማዶ በሚሸጥበት ዘመን፣ እነርሱ የደከሙበት ሀብት በአገር ውስጥ እንዲቀር ለኬንያ መንግሥት እንዲተላለፍ መረጡ።

የስብስቡ ሌላው ክፍል በአቅራቢያው በሚገኘው በናይሮቢ ጋለሪ ይታያል። ይህ በ1913 የተሠራ ሕንፃ በቅኝ አገዛዙ ጊዜ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት ቢሮ ነበር። የኬንያ መንገዶች ርቀት መለኪያ መነሻም በዚሁ ሥፍራ ነው። የሰው ስም ይጻፍበት የነበረ ቤት ቅርስ የሚጠበቅበት ቤት መሆኑ የተገባ ነው።

የወታደሩ ድርሻ

በኬንያታ ጎዳና ላይ በ1928 የተተከሉ ሦስት የነሐስ ምስሎች ቆመዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር የወደቁትን አፍሪካውያን ለማሰብ የተሠሩ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የስንቅና የጥይት ተሸካሚ ነው። የእነዚያ ተሸካሚዎች መጠሪያ የነበረው የእንግሊዝኛ ቃል በሕዝቡ አንደበት ተለውጦ «ካሪዮኮር» የሚባል የናይሮቢ ሠፈርና ገበያ ስም ሆኖ ቀርቷል። ሠፈሩ ስም ሲያወጣ ሰዎቹ ግን በስም አልተመዘገቡም። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የእንግሊዝና የቀድሞ ግዛቶቿ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ጦርነት ለእንግሊዝ ተሰልፈው ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹም ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን፣ በስም እንዳልታሰቡ ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኗል። ሞታቸው ከነጩ ወታደር ሞት አላነሰም፤ ያነሰው መዝገቡ ነው።

በንጎንግ መንገድ ያለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካነ መቃብር ደግሞ በቀጥታ ይመለከተናል። በ1941 አርበኞቻችን ከፋሺስት ጣልያን ጋር በተፋለሙበት ወቅት ከኬንያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በዘመተው ጦር ውስጥ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮች በዚያ ባለው ሐውልት ይታሰባሉ። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ቢቆም ዕዳውን ማወቁ ነው።

የሞይ ጎዳናና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና በሚገናኙበት ሥፍራ የመጨረሻው ማረፊያችን ይገኛል። ነሐሴ 7 ቀን 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ። ኤምባሲው ፈርሶ ቦታው የመታሰቢያ መናፈሻ ሆነ። የሟቾቹም ስም በግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ጸሐፊው፣ መንገደኛው፣ ባለሥልጣኑ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፈዋል። ተሸካሚዎቹ ያላገኙት ይህንኑ ነው።

በየቤታችን

ቤተ መዘክር የሚጀምረው ከቤት ነው። በግድግዳችን ላይ የተሰቀለው፣ በሣጥናችን የተቀመጠው ፎቶግራፍ ዛሬ የምናውቃቸውን ፊቶች ይዟል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ልጆቻችን «ከአባባ ጎን የቆሙት እነማን ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ መላሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡ፤ ፎቶግራፎቹን ያውጡ። ምስሉን እንዳያበላሽ በእርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ የጦር ምስጢር የሆነውን እየተዉ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስምና ዓመተ ምሕረቱን በጀርባው ይጻፉ። የተሠዉትን ጓዶች ስም ያስቀድሙ። ከአያት የወረደ መሶብ ወይም ሙዳይ ካለም የሰፋችው ማን እንደ ሆነች በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በውስጡ ያኑሩ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እርሳስና የአንድ ምሽት ጊዜ ብቻ ነው።