በሰማይ ላይ ኢፍጣር መቼ ነው?

አንዲት እናት ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ሲሉ «በየትኛው አገር ሰዓት ላፍጥር?» ብለው በስልክ ጠየቁኝ።

ርቀቱ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀጥታ በረራው 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሰዓት ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ረፋድ ላይ ሲነሳ አዲስ አበባ እየመሸ ነው። የአዲስ አበባን አዛን ተከትሎ ያፈጠረ ጾሙ ይበላሽበታል። የዋሽንግተንን መግሪብ የሚጠብቅም ያለ አግባብ ይዘገያል፤ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ቀኑ ያጥራልና። መለኪያው ፀሐይ ናት፤ ከመስኮቱ እስከታየች ይጾማል፣ ስትጠልቅ ያፈጥራል።

ለሙሳፊር ግን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ጉዳዩን አግርቶለታል፤ አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። «እማማ፣ ጉዞው ከከበደዎት አይጨነቁ፤ ይህም የአላህ እዝነት ነው» አልኳቸው።